ሱልጣንን ይዤ ሐይቅ ዳር ልዝናና ሄጄ

እናንተዬ፣ ዛሬ ፍየሌን በገዛ እጄና በገዛ አፌ ለቢላ አስረክቤው ነበር!

ገና ሳልረጋጋ ነው የምጽፈው። የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ለአዲሶቹ ፎሎወሮቼ ልተዋወቅ። ሐያት እባላለሁ፤ ቆቦ ውስጥ ኮስሞቲክስ ሱቅ አለኝ። ሎሽን፣ ሽቶ፣ ዊግ፣ ሂና፣ ምናምን። አላገባሁም። ይሄን ለምን እንደነገርኳችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ነባሮቹ ሱልጣንን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ሱልጣን ፍየሌ ነው።

አዎ፣ ፍየል! ሰው ድመት ያሳድጋል፣ ውሻ ያሳድጋል፣ እኔ ፍየል አሳደግኩ። ምን ይጠበስ?

ኧረ አስተግፊሩላህ! ዛሬ እንኳን ይቺን ቃል ባልጠቀማት ይሻለኛል።

እናቱ እሱን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። እማዬ "አይተርፍም፣ ተይው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ተይው የተባልኩትን ነገር መተው አልችልበትም። በጡጦ አሳደግኩት። ያደገው ሱቅ ውስጥ ነው፣ ባንኮኒው ሥር፣ የሎሽን ካርቶን ላይ። ደንበኛ ሲገባ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው። አንዴ አዲስ ዊግ ግማሹን በላብኝና ቀሪውን "አሁን የመጣ አጭር ፋሽን ነው" ብዬ ሸጥኩት። እህቴ፣ ይሄን እያነበብሽ ከሆነ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ድፍን ጥቁር ነው፤ ከግንባሩ እስከ ጭራው አንዲት ነጭ ጠጉር አታገኙበትም። በሻምፑ ስለማጥበው ያብረቀርቃል። ወገቡ ደግሞ ማሻአላህ ነው፤ የሚበላው ከኔ ሳህን ነዋ።

እዚህ ጋ ቆም በሉና ልብ በሉልኝ። ድፍን ጥቁር። የሰባ። እንከን የሌለው።

እኔ ቆንጆ ነው እል ነበር። ሌላ ሰው ሲያየው ምን እንደሚታየው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም!

ወደ ነገሬ ልመለስ። የዘንድሮ የቆቦ ሙቀት ሊፕስቲክ ያቀልጣል። ክረምት ነው ይባላል፣ ክረምቱን ግን ያየው የለም። ገበያው ሞቷል፣ እኔም ደክሞኛል። "ሐያት፣ አንድ ቀን ሪላክስ ማድረግ ይገባሻል" አልኩ ለራሴ።

እዚሁ ቆቦ አጠገብ፣ ከሮቢት ወደ ተራራው ገባ ብሎ ለመስኖ የተገደበ ውሃ አለ። እኛ ሐይቅ ነው የምንለው። ቆላ ውስጥ ውሃ ሳይደርቅ ከሰነበተ ሐይቅ ነው፣ አትከራከሩኝ! ዳሩ ላይ አንድ ሰውዬ ጎጆዎች ሠርቶ፣ ጃንጥላ ተክሎ፣ "ሌክሳይድ ሪዞርት" ብሎ ፖስት አድርጓል። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ውሃ አለ፣ ነጭ ጀልባ አለ፣ ሮዝ ወፎች አሉ።

ሮዝ ወፍ! ሮቢት! እዚያ ጋ መንቃት ነበረብኝ።

ደወልኩ። "እንስሳ ይዞ መምጣት ይቻላል?"

"ኧረ በደንብ! አብዛኛው ሰው ይዞ ነው የሚመጣው።"

ሰልጥነናል እኮ! ደስ አለኝ።

"ምንድን ነው የምታመጪው?"

"ፍየል።"

"ማሻአላህ። ስንት ሰው ናችሁ?"

"እኔና እሱ ብቻ ነን።"

ሰውዬው "በርቺ" አለኝ።

በርቺ! እኔ እኮ ያሞገሰኝ መስሎኝ "አመሰግናለሁ" ብዬ ነው የዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት ሱልጣንን አጠብኩት፣ አበጠርኩት፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪቫን አሰርኩለት። ለራሴ አዲሱን ቀሚሴን፣ የፀሐይ መነፅሬን፣ ቴምርና አንድ ሙሉ ቸኮሌት ኬክ ያዝኩ። ሙሉ ኬክ ለአንድ ሰው! ብቻዬን ነኝ፣ ማን ያየኛል ብዬ ነው። ባጃጅ ተኮናተርን። ሹፌሩ በስፖኪዮ ሱልጣንን እያየ ምራቁን ሲውጥ አይቻለሁ፤ አይቼም አልገባኝም።

መንገዱ ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ማሽላው ገና ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። አንዳንዱ ማሳ ላይ ጭራሽ አልበቀለም። ሌላ አገር ጎርፍ መጣ ሲባል ሰው ይሸሻል፤ እኛ ጋ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፍ መጣ ሲባል ገበሬው አካፋውን ይዞ ወደ ጎርፉ ነው የሚሮጠው፣ ወደ እርሻው ሊመራው። ዘንድሮ ዝናቡም ጎርፉም ቀረ። ይሄን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት ግን በፀሐይ መነፅር ሆኖ ሙዚቃ እየሰማሁ ነው።

ደረስን።

ሐይቁ ሸሽቷል! ከመሃል ጭቃ ቀለም ያለው ትንሽ ውሃ ቀርቷል። ነጯ ጀልባ የተሰነጣጠቀ መሬት ላይ ተጋድማ ውስጧ ዶሮ ተቀምጣለች። ምናልባት ሮዟ ወፍ እሷ ትሆናለች።

ዘበኛው እየሳቀ ተቀበለኝ። "እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! አራጁን ልጥራልሽ?"

"ማንን?"

"አራጁን። ጥብስ ነው ቅቅል?"

ያ ረቢ!

አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመጣው ለካ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። "በርቺ" የተባልኩትም ብቻዬን አንድ ሙሉ ፍየል ስለምጨርስ ነው! ሱልጣን ምንም አያውቅም፣ የዘበኛውን ጫማ ክር ይቀምሳል።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ፎቶ እንነሳለን" አልኩና ገመዱን ይዤ በውሃው ዳር ወደ ማዶ ፈረጠጥኩ። ዘበኛው ከኋላዬ "ፀሐይ ሳይበረታ ቢታረድ ይሻላል!" ይላል። መቼም እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም፣ ዛሬ ግን ሮጥኩ።

ማዶ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ሥሩ ሰው ተሰብስቧል፤ ጥላ ፍለጋ የመጡ መሰለኝ። ሰው ያለበት ጋ ደህና ነን ብዬ ጠጋ አልኩ። ፍርሃቴ በረድ ሲልልኝ ደግሞ ያ ልማዴ መጣ። ጥላው፣ ብርሃኑ፣ ከኋላ ተራራው! አንድ ፎቶ ብቻ!

ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጢም። ሰላምታ አቀረብኩ። ስልኬን ከቦርሳዬ ላወጣ ስል ገመዱ አስቸገረኝ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው ብዬ ገመዱን አቀበልኳቸው። በቀኝ እጄ፣ ጎንበስ ብዬ። አስተዳደጌ ነው፣ ምን ላድርግ!

ሽማግሌው ገመዱን ሳሙት።

ቆይ... ገመድ ይሳማል እንዴ?

"አላህ ይቀበልሽ፣ ልጄ!" አሉ።

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "አሚን!" አለ።

እኔም "አሚን!" አልኩ።

አትፍረዱብኝ! ሽማግሌ ሲመርቅ አሚን የማይል ወሎዬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አፌ ከኔ ቀድሞ ነው የሚናገረው። እማዬ ስልክ ላይ ስትመርቀኝ እንኳን ሱቅ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ አሚን ይላል።

ለሩቅ አገር ሰዎች ላስረዳ። እኛ ጋ ከብት ገበያ ላይ ገመዱን አቀበልክ ማለት ከብቱን ሰጠህ ማለት ነው። አለቀ! ላዩ ላይ ምርቃት ተቀብለህ አሚን ካልክማ ማን ይመልስልሃል?

ያ ስብሰባ ወዳጃ ነበር። የዝናብ ዱዓ።

ሽማግሌው ዱዓውን የሚመሩት ሸህ ሙሔ ናቸው። ሰዎቹ ከየቀበሌው የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ጫት ይዘዋል፣ ቆሎ ይዘዋል። የሚታረድ ግን አላገኙም። ዘመኑ ከብዷቸዋል። ሸህ ሙሔ "ዱዓችንን እናድርግ፣ የሚታረደውን እሱ ያመጣዋል" ብለው ነው የተቀመጡት።

እና ማን መጣ? እኔ! ድፍን ጥቁር ፍየል ይዤ! የሰባ! እንከን የሌለው! ሪቫኑን የስለት ምልክት ነው ብለው አሰቡት። የት እንደምሄድ ሳላውቅ እየሮጥኩ መድረሴንማ "እሱ ነው ያሯሯጣት" አሉ።

አንዱ የሱልጣንን ወገብ ጨበጥ አድርጎ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ይላል። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ደግሞ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ቢላ ድንጋይ ላይ ይስላል።

ክሽ። ክሽ። ክሽ።

ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። "አባባ፣ ስህተት ነው" ልል አፌን ስከፍት ሸህ ሙሔ እጃቸውን አነሱ። "ደግ ባል ይስጥሽ!"

"አሚን!" አልኩ።

እንዴ፣ ሐያት! ተናገሪ እንጂ! እንደገና አፌን ከፈትኩ።

"ልጅ ታቀፊ! ንግድሽን ይባርክልሽ!"

"አሚን! አሚን!"

ምርቃቱ ጥሩ ነበር እኮ፣ ልዋሻችሁ እንዴ? ግን አሚን ባልኩ ቁጥር ሱልጣን አንድ እርምጃ ወደ ቢላው ሲቀርብ ይታየኛል። ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ፍየሉን መልሱልኝ ብል ምርቃቱስ? ተገልብጦ እርግማን ቢሆንብኝስ? ሳላገባ ልቀር ነው? ሱቁስ?

ከዚያ እማማ ለምለም መጡ።

እማማ ለምለም አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ እጃቸው የተሰነጣጠቀ ገበሬ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ "ሥጋውን አንበላም፣ ዝናቡ ግን የሁላችን ነው" ብለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነው የመጡት። ሁለት እጄን ያዙና ሳሙኝ።

"ልጄ፣ ትናንት ማሳው መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ" አሉኝ። "ሁለተኛ የዘራሁት ነው የደረቀው። የምዘራው ዘር ቤቴ ውስጥ የለም። ዛሬ አንቺን ሳይ፣ አልረሳንም አልኩ።"

አሁን ንገሩኝ። ለኚህ ሴት "ፍየሌ ለሽርሽር ነው የመጣው" ትላላችሁ?

አልቻልኩም። ፀሐይ መነፅሬን አወለቅኩ፤ እዚያ መሃል ማድረጌ አሳፈረኝ። ሱልጣንን አየሁት። ገመዱ በሰው እጅ ነው፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው። የምሄድ መስሎት "ሜኤኤ" አለ። ወላሂ አንጀቴ ተቆረጠ።

ቢላው ዝም አለ። ተስሎ አለቀ ማለት ነው።

"በይ ልጄ" አሉ ሸህ ሙሔ። "እጅሽን ጀርባው ላይ አድርጊና ኒያሽን ተናገሪ። ለምን እንዳመጣሽው በአፍሽ ንገሪን፣ እኛም አሚን እንበል።"

ለምን እንዳመጣሁት!

እጄን ጀርባው ላይ አደረግኩ። የጠዋቱ ሻምፑ ይሸታል። ሱልጣን የቀሚሴን እጅጌ አፉ ውስጥ ከትቶ ማላመጥ ጀመረ። ሲፈራ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ጡጦ ካስጣልኩት ጀምሮ ያለ ልማዱ ነው። ስለ ቢላ አያውቅም፣ እኔን ግን ያውቀኛል። እጄ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶታል።

"አባባ..." አልኩ።

"አብሽሪ፣ በይ።"

ፈነዳሁ!

"ስሙ ሱልጣን ነው!" ብዬ ጮህኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት። እንዲህ የሚያምር የፊልም ለቅሶ እንዳይመስላችሁ። ንፍጥ ያለው ለቅሶ ነው። ማስካራዬ አገጬ ደረሰ።

ሸህ ሙሔ ግራ ገባቸው። "ስም አለው እንዴ?"

"በጡጦ ነው ያሳደግኩት... እናቱ ሞታ... ከኔ ጋር ነው የሚኖረው..."

"እና ለምን አመጣሽው?"

"ለመዝናናት።"

"ለምን?"

"ለመዝናናት፣ አባባ። ሐይቅ ዳር ልንዝናና ነው የመጣነው።"

"ፍየሉም?"

"እሱም።"

ማንም አልሳቀም። ቢላ የያዘው ሰውዬ ሪቫኑን አየ፣ ቀሚሴን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ሸህ ሙሔ የሱልጣንን ራስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ገመዱን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ልብሽ ያልሰጠውን እኛ አንቀበልም፣ እሱም አይቀበልም። እንኪ፣ ልጄ። አፉ በይን።"

አፉ በይን አሉኝ! እሳቸው! እኔን!

አሚን ያለ ሰው የለም። ወገኖቼ፣ የዛሬው ትልቁ ውርደቴ ያ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም፣ ታውቁኛላችሁ። እነሱ ግን ዝም አሉ። እማማ ለምለም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ወደ ማሳዎቹ ዞሩ።

በዚያ ፀጥታ መሃል አንድ ድምፅ ተሰማ።

ቀርጨም። ቀርጨም።

ዞር ስንል ሱልጣን የሸህ ሙሔን ጫት ይዞ ይበላል! ለዱዓው የቀረበውን! ምርጥ ምርጡን ቀንበጥ! እኛ እየተላቀስን እሱ ግማሹን ጨርሶታል።

አለቀልን አልኩ። አሁን በኒያም ያለ ኒያም መታረዱ ነው።

ሸህ ሙሔ ሱልጣንን አዩት፣ ጫቱን አዩት። "ይሄስ ከልቡ ነው" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ለምለም ናቸው። ከዚያ ቢላ የያዘው ሰውዬ። ከዚያ ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ብቻ ሳቄና ለቅሶዬ ተቀላቅሎብኝ ስቅ አለኝ።

ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ልሄድ ተነሳሁ። ግን እግሬ እምቢ አለ። የሰው ጫት አስበልቼ፣ የሰው ተስፋ ገመድ ላይ አንጠልጥዬ መልሼ ወስጄ፣ እንዴት ነው የምሄደው? ቦርሳዬን ከፈትኩ። ቴምሩን አወጣሁ። ከዚያ ኬኩን አወጣሁ፤ በሙቀቱ ግማሹ ፈሷል።

"አባባ፣ ይሄ ከልቤ ነው" አልኩ።

ሸህ ሙሔ ጠርጠር አድርገው አዩኝ። "ይሄኛውስ ስም አለው?"

"የለውም፣ ወላሂ!"

ተቀበሉኝ። መረቁኝ። በዝናብ ዱዓ ላይ ቸኮሌት ኬክ የሰጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን እየላሱ በሉት። እማማ ለምለም የደረሳቸውን አልበሉም፤ ለልጅ ልጆቻቸው ብለው በቅጠል ጠቀለሉት። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ዱዓው እስኪያልቅ አሚን አልኩ። ሱልጣን በጫቱ መርቅኖ አጠገቤ ተኝቶ ያመሰኳል። ዓይኑ ፈጧል!

ስመለስ የባጃጁ ሹፌር ፍየሉን በሕይወት ሲያየው ደነገጠ።

አሁን ሱቅ ነኝ። ሱልጣን ባንኮኒው ሥር ነው። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቆቦ ገብቷል፤ ደንበኛ ሁሉ ሊገዛ ሳይሆን ሱልጣንን ሊያይ ነው የሚገባው። እማዬ "ተይው ብዬሽ ነበር" አለችኝ።

የምስቅ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቻለሁ። ደጋግሜ በሩ ላይ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። ጥርት ብሏል። ባይዘንብስ? ሰው ምን ሊለኝ ነው? "ዝናቡን ገመድ ይዛ የመለሰችው" ቢሉኝስ? እሱንም እሺ ልቻለው። እማማ ለምለም ዘር ቤታቸው ውስጥ እንደሌለ ግን ነግረውኛል፣ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ቅድም ስልኬ ጠራ። እማማ ለምለም ናቸው፣ በሰው ስልክ። በሱቄ ስም አጠያይቀው ነው ቁጥሬን ያገኙት።

"ነገም ተሰብስበን እንለምናለን" አሉኝ። "ፍየሉን እሰሪውና አንቺ ነይ።"

"እኔ ምን አደርግላችኋለሁ፣ እማማ?"

"አሚንሽ ጮክ ያለ ነው። ይሰማል" አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ ባንኮኒው ሥር ገባሁና ከሱልጣን ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ። የአሁኑም ንፍጥ ያለው ነው።

እሄዳለሁ። ኬክ እይዛለሁ፣ ጫት እተካለሁ። ፀሐይ መነፅር አልይዝም። ለማንም ምንም ዓይነት ገመድ አላቀብልም፣ የጫማ ክርም ቢሆን!

እስከዚያ ግን ልጠይቃችሁ። ጎረቤቶቼ፣ የጎብዬ፣ የዋጃ ሰዎች፣ አሁን ቀና ብላችሁ እዩልኝ።

እናንተ ጋ ደመና አለ?